ሥጋ አይሰጠውም

ከቤታችን ጀርባ፣ አጥሩ ጥግ ላይ፣ ሆዳሙ ይኖር ነበር።

ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አያቴ «ብስባሽ» ነው የሚለው። እናቴ ደግሞ «ያ ቆሻሻህ» ትለዋለች። «አባዬ፣ ያ ቆሻሻህ ዛሬ ደግሞ ምን በላ?» እያለች ከማድ ቤቱ በር ላይ ትጠይቀዋለች፤ አያቴም ልጣጩን ከእጇ እየተቀበለ «ካንቺ እጅ ያገኘውን» ይላታል። ያኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም። የሚበላ ነገር ከሆነ ስም ያስፈልገዋል ብዬ ሆዳሙ አልኩት።

ሆዳሙ ከታች ጉድጓድ፣ ከላይ ክምር ነበር። የድንች ልጣጭ ይበላል። የሽንኩርት ቅርፊት፣ የጎመን አገዳ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የረገፈ ቅጠል፣ የተነቀለ አረም፣ ከምድጃ የተዛቀ አመድ ይበላል። አባቴ አናጺ ስለነበር ከሚሠራበት ቤት ሰጋቱራ በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ይመጣለታል። አያቴ አንዴ እርጥቡን፣ አንዴ ደረቁን እያነጠፈ ይደራርበዋል፤ ሲሞላ በመንሽ ይገለብጠዋል። ዕድሜውን ሙሉ የትምህርት ቤት አትክልተኛ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ የቀረው ሥራ ይኸው ነው።

ከክምሩ መሐል አንድ ረጅም እንጨት ተተክሎ ነበር። ጠዋት ጠዋት አያቴ እንጨቱን ይነቅልና ጫፉን ያስጨብጠኛል። ይሞቃል። እንደ ሰው ገላ ይሞቃል።

«አባባ፣ አተኩሶታል» አልኩት የመጀመሪያ ቀን።

«ትኩሳቱ ነው ጤናው። ካንተ የሚለየው በዚህ ነው።»

ሽታ የሚባል አልነበረውም። አያቴ ይህን ለማስረዳት እንግዳ በመጣ ቁጥር አንድ እፍኝ ከሥር ዝቆ እንግዳው አፍንጫ ሥር ይዘረጋል። እንግዳው በይሉኝታ ያሸታል፤ ከዚያ ፊቱ ይለወጥና እንደገና ያሸታል። ዝናብ ሲጀምር መሬት የሚሸተውን ነው የሚሸተው። ጎረቤታችን፣ የማትጠላው ሽታ ስለሌለ ሰፈሩ በሙሉ በሌለችበት «አፍንጮ» የሚላት ሴትዮ እንኳ፣ በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ «እውነትም!» ብላ ነበር።

ሌላው አስገራሚ ነገር፣ የቱንም ያህል ቢበላ አይጠረቃም። ማታ ወገቤን አልፎኝ የነበረው በሳምንቱ ጉልበቴ ላይ ይደርሳል።

«የት ነው የሚሄደው?»

«የትም አይሄድም። ወደ ራሱ ይሰበሰባል። ሰው ሲያረጅ አላየህም?»

ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ ሥጋ አይሰጠውም። ጮማም፣ ዘይትም፣ ወተትም አይሰጠውም። «ለምን?» ስለው አያቴ እየገለበጠ ነበርና ትንፋሽ አጥሮት «አይሰጠውም አልኩህ፤ አለቀ» አለኝ። እኔ ዓይን አፋር ልጅ ነበርኩ፤ ሁለተኛ መጠየቅ አልወድም። ስለዚህ ምክንያቱን ራሴ አገኘሁት። ሥጋ ውድ ነው። እኛ ቤት የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። ለሰው ያልደረሰ ነገር እንዴት ለሆዳሙ ይሰጣል? አያቴ ቆጣቢ ነው አልኩ። ይህ ማብራሪያ በጣም ስለጣመኝ ለብዙ ዓመታት ይዤው ኖሬያለሁ።

ቤቱ የአያቴ ነበር። ፊት ለፊት ባለው ክፍል እሱ ይተኛል፤ በውስጠኛው እናቴ፣ አባቴና እኔ። የእናቴ ሥራ ምግብ ቤት ሳህን ማጠብ ነው። ማታ ስትመጣ እጆቿ ውሃ የበላው እንጨት መስለው ይመጣሉ፤ ከልብሷ የሌላ ሰው ጥብስ ይሸታል። ያን ሽታ እወደው ነበር። ጭኗ ላይ ተኝቼ ልብሷን እያሸተትኩ ያልበላሁትን እበላለሁ።

አንድ ማታ እራት ላይ አባቴ እንዲህ አለ፤ «አባባ፣ ጀርባው እኮ ዝም ብሎ ባዶውን ተቀምጧል።»

«ባዶ?» አለ አያቴ። «የጎረስከው ጎመን ከየት የመጣ መሰለህ?»

«ጎመኑንማ መቼ ጠላሁት። እኔ የምልዎት፣ ሁለት ክፍል ቢወጣበት፣ ተከራይ ቢገባበት፣ ይቺም ከሰው ሳህን ብታርፍ።»

እናቴ ቀና አላለችም። አያቴ ጉርሻውን አላምጦ እስኪውጥ ጠበቅነው።

«እኔ ስሞት ሁለትም ሦስትም አውጡ።»

«ኧረ እግዜር አይበለው፣ አባዬ» አለች እናቴ ቶሎ ብላ።

«ይበለው አይበለው፣ እኔ እያለሁ እዚያ ሲሚንቶ አይፈስም።»

 እኔ ግን ነገሩ በሰላም ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ምክንያቱም በማግሥቱ አባቴ ሜትሩን ይዞ ጀርባ ወጣ። አያቴ ጡረታ ሊቀበል ሄዶ ነበር። አባቴ የሆዳሙን ዙሪያ ለካ፤ ካስማ ተከለ፤ ሲባጎ ወጠረ፤ ራቅ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ፤ ከዚያ ካስማውን መልሶ ነቀለና ጉድጓዶቹን በጫማው ደፈናቸው። አያቴ ክረምት በመጣ ቁጥር «ይሄ ነገር ጣራ ቢጤ ባገኘ» እያለ ያማርር ነበር። አባቴ ለሆዳሙ ጣራ ሊሠራለት ነው አልኩ። አያቴን ሊያስደስተው ነው አልኩ።

እናቴን ያየኋት ከዚያ በኋላ ነው።

ሊነጋጋ ሲል ሽንቴ መጥቶ ወጣሁ። እናቴ በጣቷ ጫፍ እየሄደች ጓሮውን ታቋርጣለች። ሳፋ ታቅፋለች፤ በሳፋው ላይ ጨርቅ ጣል አድርጋበታለች። ሆዳሙ ጋ ስትደርስ ተንበረከከች፤ በትንሿ አካፋ ጎኑን ከፈተች፤ ጨርቁን ገለጠችው። ሽታው እኔ ዘንድ ድረስ መጣ። ሥጋ! አጥንት ከነሥጋው፣ የተጠበሰ ጮማ፣ የመረቅ ድፍድፍ፣ ሁሉም ከምግብ ቤቱ ሳህን የተሰበሰበ። ሁሉንም ገለበጠችው፤ ውሃ ደፋችበት፤ ቅጠሉን መለሰችና ልጅ እንደሚያለብሱ አድርጋ አለበሰችው። ከዚያ ሳፋውን አጥባ፣ እጇን አጥባ፣ እጇን እንደገና አጠበች።

ምራቄን እየዋጥኩ ነበር የማያት። አልተቀየምኳትም። እንዲያውም ልቤ በኩራት ተወጠረ። አያቴ ለሆዳሙ የሚነፍገውን እናቴ ሰጠችው! እኛ እንኳ ያልበላነውን! «ቆሻሻህ» እያለች ስታበሽቀው ለካ ትወደዋለች። ተደብቃ ማድረጓም አልገረመኝም። እኔ ራሴ አንድ ደግ ነገር ሳደርግ ሰው ካየኝ ፊቴ ይቃጠላል። በሷ ነው የወጣሁት አልኩ።

አሁን ችግኝ ማፍያ ውስጥ ነው የምሠራው። የገባሁ ሰሞን አለቃችን ብስባሹ ጋ ወሰደኝና እንደ ዋዛ «ሥጋና ቅባት እንዳታስገባ፤ አንዴ ከገባ ይገማል፣ ውሻና አይጥ ይጠራብሃል፣ ሰፈሩ ይነሳብናል» አለኝ። እሱ ተናግሮ ሄደ። እኔ አካፋውን እንደያዝኩ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሥራ ያስፈታኝ የኔ አለማወቅ አልነበረም፤ እናቴ ታውቅ እንደነበር ነው።

ያኔ እናቴ በማግሥቱም ወጣች። ከዚያም ወዲያ ወጣች። ሆዳሙ መግማት ጀመረ።

መጀመሪያ ዝንቡ መጣ። ቀጥሎ ውሾቹ አጥሩን መቆፈር ያዙ፤ እኔ ግብዣ ሰምተው የመጡ እንግዶች መስለውኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀጥሎ አፍንጮ ተንጠራርታ «ኧረ ምን ሞቶባችሁ ነው?» አለች። አያቴ ሆዳሙን ምን እንደነካው ሊገባው አልቻለም። ይገለብጣል፤ ሰጋቱራ ይጨምራል፤ አመድ ይነሰንሳል፤ እንጨቱን ነቅሎ ጫፉን ያሸታል፤ መዳፉን ያሸታል። እንጨቱን እኔን ማስጨበጥ ተወ።

አንድ ቀን መንሹ አጥንት ይዞ ወጣ። አያቴ አጥንቱን ወደ ብርሃን አንስቶ ብዙ አየው። ከዚያ እስከ ማድ ቤቱ በር ይዞት ሄደ።

«ይሄን ማን ነው የጣለው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ?» አለች እናቴ፣ ከድስቷ ዘወር ሳትል። «አንተ አይደለህ እንዴ ትናንት ከሳህንህ የተረፈውን ይዘህ የወጣኸው?»

«ትናንት ሥጋ በላን እንዴ?»

«አባዬ!» አለች። አሁን ዞረች፤ ድምጿ ለታመመ ሰው የሚወጣ ዓይነት ነበር። «በላን እንጂ። ይኸው፣ ይሄንንም ረሳኸው? ባለፈው መነጽርህን ጎመን ውስጥ አይደል እንዴ ያገኘነው? ምን ይሻልሃል?»

አልበላንም ነበር። ሥጋ ብንበላ ኖሮ እኔ እረሳለሁ? ግን እናቴ ውለታዋን ልትደብቅ የምትቀልድ መሰለኝና አፌን በእጄ ይዤ ሳቄን አፈንኩ። አያቴ አጥንቱን በእጁ እንደያዘ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሲቀመጥ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ደረጃውን እንደ ዓይነ ስውር ሲዳብስ አየሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ጨዋታ አመጣ። ጠዋት ስነሣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

«ትናንት ምን በላን?» ይለኛል ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ጎመን!»

«ጎመን። እኔም ጎመን ነው የመሰለኝ።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ከትናንት ወዲያስ?»

«ድንች!»

«ድንች። ልክ ነህ፤ ድንች ነው።»

ጨዋታውን ወደድኩት፤ ሁልጊዜ የማሸንፈው እኔ ነበርኩ። ግድግዳው ሳንቃ ስለነበር ድምፃችን ውስጠኛው ክፍል ይሰማል። እናቴ አንዳንዴ ጨዋታው እስኪያልቅ ሳትወጣ ትቆያለች።

አንድ ጠዋት ግን ጎመን ማለት ሰለቸኝ። «ትናንት ምን በላን?» ሲለኝ «እኛማ ጎመን» አልኩት። «ሥጋ የሚበላው ሆዳሙ ነው።»

እናቴ ሥራ ሄዳ ነበር። አያቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ማን ይሰጠዋል?»

«እማ ናታ! ጠዋት ጠዋት፣ በሳፋ። ግን እንዳትነግራት፤ ታፍራለች። ሰው እንዲያይባት አትፈልግም።» ፊቱን አየሁትና እንዳይቆጣት ብዬ ጨመርኩለት፤ «አባባ፣ ለኛ እንኳ ሳትሰጥ ነው እኮ ለሱ የምትሰጠው። ስለምትወድህ ነው።»

አያቴ ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ በሆዱ፣ ከዚያ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። እንባው መጣ። ሳቁን ካየሁት ቆይቼ ስለነበር እኔም አብሬው ሳቅሁ።

«እንግዲያው ጤነኛ ነኝ» አለ ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ። «ሰማህ አንተ ልጅ? አያትህ ጤነኛ ነው።»

«ታመህ ነበር እንዴ?»

«እኔ እንጃ። መታመሙ ወይስ ጤንነቱ፣ ይሻለኝ የነበረው የቱ እንደሆነ እንጃ።»

በሰፈሩ ክስ የጽዳት ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሁላችንም ጓሮ ነበርን። ወጣት ነው፤ አፍንጫውን በመሐረብ ይዟል። አፍንጮ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ «ልጆቼ ምግብ መብላት አቅቷቸዋል» ትላለች። አባቴ ሜትሩ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ እየሳበ ይለቀዋል፤ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ተቆጣጣሪው በእንጨት ክምሩን ገለጥ አደረገና ፊቱን አዞረ።

«ይሄ ሥጋ ነው። ማን ነው ሥጋ እዚህ የሚጥለው?»

እናቴ የጫማዋን ጫፍ ታያለች። አፈረች አልኩ በልቤ፤ ሊታወቅባት ነው። ይህን ያህል ሰው ፊት ምስጋናዋን ካላገኘች መቼ ታገኛለች? በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ለመናገር የደፈርኩበት ጊዜ የለም። ትንፋሼን ሳብኩ። የአያቴ እጅ አናቴ ላይ አረፈ። ከበደኝ።

«እኔ ነኝ» አለ አያቴ። «እርጅና ነው፣ ልጄ። እየረሳሁ ነው።»

ጠቅ ጠቅታው ቆመ። እናቴ ቀና አለችና አያቴን አየችው፤ አያቴም አያት። ማን ቀድሞ ዓይኑን እንደሰበረ አላስታውስም። ከዚያ እናቴ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ተቆጣጣሪው ድምፁን አለሳልሶ «አይዞሽ፣ እህቴ፤ የኔም አባት እንዲሁ ነው ያደረገው። ብቻቸውን አትተዪያቸው እንጂ» አላት። ቦታው በቶሎ እንዲጸዳ አዝዞ ሄደ።

እኔ ተናደድኩ። አያቴ የእናቴን ደግነት ነጠቃት! የምታለቅሰውም ለዚያ ነው አልኩ። ያን ማታ ግን እየተናደድኩም ፊተኛው ክፍል ሄጄ ከሱ ጋር ትራስ ተጋርቼ ተኛሁ።

አያቴ፣ ብቻውን መዋል የለበትም ተብሎ፣ እህቱ ዘንድ ሊሄድ ልብሱን ሲያስር ነው የጠየቅኩት። እህቱ የምትኖረው ሌላ ከተማ፣ ፎቅ ላይ፣ በአንድ ክፍል ነው፤ እዚያ አንድ ጣሳ አፈር እንኳ የለም።

«አባባ፣ ለምን ዋሸህ? ሥጋውን የሰጠችው እማ ናት።»

የገመዱን ቋጠሮ በጥርሱ አጠበቀ። «አልዋሸሁም። ቤቱ የኔ ነው?»

«አዎ።»

«ልጅቷስ?»

«ያንተ።»

«በቤቴ፣ በልጄ እጅ የተጣለ የማን ነው እንግዲህ?»

መልሱን እንደ እንቆቅልሽ አሰብኩበት፤ አልፈታሁትም። እናቴ ስንቅ ቋጥራ በር ላይ ሰጠችው። «ለጊዜው ነው እኮ፣ አባዬ» አለችው። «ሻል እስኪልህ ነው።» አያቴ ስንቁን ተቀብሎ አሸተተው። ማሽተቱን አየች። ከዚያ ጉንጯን ሳማትና ሄደ።

አባቴ ከላይ ያለውን ክምር በጋሪ አስጠርጎ ጣለው። ከጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ማውጣት ግን ጊዜ ስለሚፈጅበት አፈር አልብሶ ረገጠው፤ ሲሚንቶ አፈሰሰበት። ሁለቱ ክፍሎች ወጡ፤ ተከራይ ገባ። እናቴ ግን ሳህን ማጠቡን አልተወችም። ኪራዩ የግንባታውን ዕዳ ሲከፍል ኖረ።

አያቴ ዓመት ሳይሞላው እህቱ ቤት ሞተ። ለቅሶው ላይ እናቴ ሰው በመጣ ቁጥር ደረቷን እየመታች ታስረዳለች፤ «በመጨረሻ አእምሮው ሄዶ፣ ሥጋ ሁሉ አውጥቶ ይጥል ነበር!» ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። ያኔም ሰማኋት። ከዚያ ወዲህም ዓመት በዓመት ሰምቻታለሁ፤ ታሪኩ በየጊዜው እየተስተካከለ፣ እያማረ ሄደ። እኔም እውነቱን ካወቅኩ በኋላ ዝም አልኩ። ዝምታ ልማዴ ነው።

ዘንድሮ የአንደኛው ክፍል ወለል ሰመጠ። ተከራዩ «የአልጋዬ እግር ወደ መሬት እየገባ ነው» እያለ ሲነጫነጭ እናቴ ግንበኛ አስጠራች። ዕረፍቴ ስለነበር ላግዘው ገባሁ። ሲሚንቶውን በዶማ ሰብሮ ሲያነሳው ከሥሩ ጥቁር አፈር ወጣ። ወደ ራሱ ተሰብስቦ፣ ከሲሚንቶው ርቆ ወርዶ ነበር። ግንበኛው አንድ እፍኝ ዘገነና ሳያስበው ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ከዚያ እንደገና አሸተተው። ክፍሉን የዝናብ ሽታ ሞላው።

«እማማ፣ ይሄን አፈር ከየት አመጣችሁት?» አለ።

እናቴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ግንበኛው አንዴ ደግሞ ቆፈረ። ዶማው ደረቅ ነገር መታ፤ ጎንበስ ብሎ አነሳው። አጥንት ነው። ሌላም ነበር፤ ሌላም። ልጣጩ፣ ቅጠሉ፣ ሰጋቱራው፣ ሥጋው ራሱ ሳይቀር አፈር ሆኗል። አጥንቱ ብቻ ነጭ እንደሆነ ቀርቷል።

«ልኳንዳ ነበር እንዴ እዚህ?» ብሎ ሳቀ ግንበኛው።

«አባቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና» አለች እናቴ። በቃል እንደተያዘ ጸሎት ወረደላት። «በመጨረሻ አእምሮው ሄዶ፣ ሥጋ ሁሉ እያወጣ እዚህ ይጥል ነበር።»

«አይ እርጅና» አለ ግንበኛው።

ፊቴ ሲቃጠል ይሰማኛል።  ትንፋሼን ሳብኩ፤ በዚህ ጊዜ አናቴ ላይ ያረፈ እጅ አልነበረም።

«እማ» አልኩ። «ትናንት ምን በላን?»

ግንበኛው የቀለድኩ መስሎት ቀና ብሎ አየኝ። እናቴ ግን ግድግዳውን ያዘች፤ መዳፏ ሲሚንቶው ላይ ሲንሸራተት ሰማሁት። 

«ጎመን» አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ከዚያ ሄዳ ሳፋ አመጣች። ተንበርክካ አጥንቶቹን አንድ በአንድ ለቀመች፤ ግንበኛው «ተዪው እማማ፣ እኔ አወጣዋለሁ» ቢላት አልሰማችም። ስትነሣ ሳፋውን አቅፋ በሩ ጋ ቆመች፤ ሻሿን ከራሷ ፈትታ በላዩ ጣል አደረገችበት፤ ሰው እንዳያይባት።